ሁለት ባለቤት ያላት ፋይል

ቢቸና፣ መስከረም 20 ቀን 2000 አ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለደምለው፣

ይህች ደብዳቤ ኦሉ ከምትባለው ቀዝቃዛ የፈረንጅ ከተማህ ስትደርስ ደህና ታግኝህ፤ የመርጡለ ማርያሟ እመቤት ጥላዋን አታንሳብህ። እኔ አክስትህ ሸዋነሽ አለሁ። መናኸሪያው አለ፣ ጭቃው አለ፣ ብቻ አንተ የለህም።

የላክሃቸው ሁለት ሲዲዎች ሳይጫሩ ደርሰዋል። ሊኑክስ የምትለው ነገርህ እንዳልከው ቫይረስ አያውቅም። መናኸሪያው ዳር ባለው ኮምፒውተር ቤቴ ደንበኞቼ ብቻ «እትዬ ሸዋነሽ፣ ይህ እኮ የለመድነው ኮምፒውተር አይደለም» እያሉ ይነጫነጩብኛል። ማመልከቻችሁ ቀጥ ብሎ ከወጣ ምን አገባችሁ እላቸዋለሁ። ሰላሳ አንድ አመት በአውራጃውና በወረዳው ታይፒስት ሆኜ ስሰራ ስንቱን አለቃ አሳልፌያለሁ፤ ደንበኛ ይፈራኛል እንጂ እኔ ደንበኛ አልፈራም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የአባታችንን የየኔታ ገብረ ኪዳንን ቅኔ በመጽሀፍ አወጣለሁ ብዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የጀመርኩትን ስራ ታውቃለህ። ሲያርፉ ቅኔያቸው ሁለት ቦታ ቀረ። ብትን ብትኑ ወረቀት እኔ ዘንድ ነው። ባለ ቆዳው ትልቁ ደብተር ደግሞ ጠፋ። ጠፋ ስልህ በጨዋ ደንብ ነው፤ የት እንዳለ እናውቃለን፤ ሞጣ ነው፣ ወንድሜ ሰማው ዘንድ። ከተዝካሩ እለት ጀምሮ ይኸው አስራ አንድ አመት፣ መሪጌታ ሰማው ለእህቱ አንዲት ቃል አልላከም። እኔም አልላክሁበትም። ያለ ደብተሩ መጽሀፉ ግማሽ እንደሆነ ይቀራል።

አይኔም ቸኩሏል። ባህር ዳር ያየኝ ሀኪም የአይን ግፊት ነው፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ምናልባት ጠብታው ያቆየው ይሆናል አለኝ። ከዳር ከዳር ጭጋግ ገብቷል። መሀሉ ግን ገና ጥሩ ነው። አይኔ ሳይጨልም መጽሀፉን ጨርሼ ማየት እፈልጋለሁ፤ ሌላ ምኞት የለኝም።

እስከ ገጽ ሰላሳ ድረስ አንተ ባሳየኸኝ የፊደል ፓኬጅ ተየብኩ። «ፊደሉን አባባ እንደጻፉት ይተይቡት» ብለሀል፣ እንደዚያው አደረግኩ። ግን የግእዝ ቁጥር የለውም! የየኔታን ቅኔ በፈረንጅ ቁጥር ልቁጠረው እንዴ? ሁለተኛው ሲዲ ላይ ሌላ የፊደል ፓኬጅ አገኘሁ፣ እሱ ፩ ፪ ፫ አለው። ልጨምረው ስል ማሽኑ እምቢ አለኝ። የጻፈብኝን የፈረንጅ ፊደል አንድ በአንድ ገልብጬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ምን እያለኝ ነው?

ሞት ይርሳኝና ህልምም አይቻለሁ። ከምሳ በኋላ ወንበሬ ላይ ሸለብ አደረገኝ። አባታችን ነጭ ለብሰው መናኸሪያው መሀል ቆመዋል፤ አውቶብሶቹ ድምጽ ሳያሰሙ ይዞሯቸዋል። «ሸዋነሽ፣ ንጉሱ የት ሄደ?» አሉኝ። «ኧረ አባባ፣ ንጉሱማ ከዙፋን ከወረዱ ስንት ዘመናቸው!» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው በአውቶብሶቹ መሀል ገቡ። ሳስበው ያስቀኛል። ስነቃ ግን ጉንጬ እርጥብ ነበር።

አክስትህ ሸዋነሽ ገብረ ኪዳን


ኦሉ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ሸዋነሽ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎን እስማለሁ። ጠብታውን ሳያቋርጡ እንደሚያደርጉ ተስፋ አለኝ፤ ካቋረጡ ግን በእናቴ ነፍስ እቀየምዎታለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ፀሐይ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ መግባት ጀምራለች። ወንዙ ዳር ዳሩን እየረጋ ነው፤ ከሥራ ስመለስ ድልድዩ ላይ እቆምና ውኃው ወደ በረዶ ሲለወጥ አያለሁ፤ ድምፅ የለውም። ያዩት ሕልም እዚያ ድልድይ ላይ ሦስት ቀን ተከተለኝ።

ማሽኑን አይቆጡት፤ እምቢ ያለው አውቆ ነው። ፓኬጅ ማለት እንደታሰረ ጓዝ ነው። ሲፈታ እያንዳንዱ ፋይል የሚያርፍበት ቦታ አስቀድሞ ተጽፎለታል። ማሽኑም የትኛው ፋይል የማን እንደሆነ በመዝገብ ይይዛል። የእርስዎን ሁለት የፊደል ፓኬጆች የሠሩት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ብራዚል ነው የሚኖረው፣ ሌላው ናይሮቢ። የትኛው ቁልፍ ሲነካ የትኛው ፊደል እንደሚወጣ የሚናገር ሠንጠረዥ አለ። ሁለቱም ሠንጠረዣቸውን በአንድ ስም ጠርተው አንድ ቦታ አስቀመጡት። አንድ ፋይል፣ ሁለት ባለቤት። ሁለተኛው ሲመጣ ማሽኑ «ይህ ቦታ ባለቤት አለው፤ በላዩ አልጽፍም» ይላል። ገልብጠው የላኩልኝ መልእክት ትርጉሙ ይኸው ነው።

ከመጻሕፍት ቤቱ ሥራዬ ስወጣ በፈቃዴ የምሠራው ይህንኑ ነው ብልዎ ይሥቁ ይሆናል። ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ የተጋጩ ፓኬጆች ዝርዝር ይደርሰኛል። ለባለቤቶቹ እጽፋለሁ። ሁልጊዜ ሁለቱም «እኔ ነኝ የቀደምኩት» ይላሉ። አንዳንዱ ስም ይቀይራል። አንዳንዱ ከዚያኛው ጋር በአንድ ማሽን አልኖርም ብሎ ያውጃል፤ ያኔ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። አንዳንዴ የቀደመውን ፋይል ስም ሰጥተን ፈቀቅ እናደርገዋለን፤ አይጠፋም፣ ጊዜው ሲደርስ ይመለሳል። እኔ የምወደው ግን ሌላ ነው፦ የተጣሉበትን ፋይል ከሁለቱም አውጥቶ ሦስተኛ ፓኬጅ ውስጥ ማኖርና ሁለቱም ከዚያ እንዲጠቀሙ ማድረግ።

«አስገድድ» የምትል ትእዛዝም አለች። ከሲዲው ጋር ባለው መጽሔት ውስጥ ተጽፋለች። እባክዎ አያስገድዱት። ለሁለቱም ሰዎች ጽፌያለሁ፤ ትንሽ ይታገሡኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅ፤ አይቀየሙኝ። አጎቴ ሰማው በዚያ ተዝካር ዕለት ምን ሆኖ ነው የሄደው? እኔ ያኔ ከአገር ወጥቼ ስለነበር አላየሁም። ወንድምዎ በልጅነቴ አባባ ጋ የግእዝ ግስ ስንማር ከሁላችንም ቀድሞ ጉልበታቸውን የሚስም ሰው ነበር።

የእኅትዎ ልጅ ደምለው


ቢቸና፣ ህዳር 16 ቀን 2000 አ.ም.

ለደምለው፣

እግዜር ከበረዶው ይሰውርህ፣ ድልድይ ላይ መገተሩንም ያስተውህ። ሳንባህን ብርድ ቢመታህ ማን አለህ?

ይቅር በለኝና አስገደድኩት! ምን ላድርግ፣ ያንተ «አያስገድዱት» የደረሰኝ ካስገደድኩት በአስራ ሁለተኛው ቀን ነው። መጽሄቱን በመነጽር ሳገላብጥ ያችን ትእዛዝ አገኘኋት። እኔ ደግሞ እምቢታ አልወድም። ጻፍኳት፣ ተጫንኩት። አንድ ጊዜ አጉረመረመና ጸጥ አለ። ከዚያማ ፩ ፪ ፫ ቁጭ ቁጭ አሉልኝ፣ አራት ነጥቡም አማረ። የጎደለ ነገር አላየሁም። አንተ በከንቱ ነው ያስፈራራኸኝ። እስካሁን የተየብኩትን አርባ ስድስቱንም ገጽ አትሜ በፖስታ ልኬልሀለሁ፣ አንተ አባባ ጋ ግስ የቆጠርክ ነህና ስህተት ካለ እይልኝ። እኔ ግእዙን አልሰማም፤ የወንዶቹ ነበር። የኔ ስራ ያየሁትን መምታት ነው።

ስለ ሰማው የጠየቅኸኝን ተወው። ደብተሩን ይዞ የሄደ እሱ ነው፣ ያኮረፈ እሱ ነው። በተዝካሩ እለት ሰው መሀል ተቀምጦ ሳለ ድንገት ተነሳ፣ እጄን እንኳ ሳይጨብጥ በቅሎውን ጭኖ ሄደ። የኔን አይን ማየት አፍሮ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ወንድም ነበረኝ፣ አሁን የለኝም።

ማጉያ መነጽር ብትልክልኝ ጥሩ ነው። ጭጋጉ ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ።

አባታችን ደግሞ መጡ። ይህን ጊዜ እዚሁ ኮምፒውተር ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ቁልፎቹን በጣታቸው አንድ በአንድ እየነኩ ይቆጥራሉ። «እሳቱ አለ» አሉ። «አይኑስ? ጸሀዩስ? ንጉሱስ?» ውጭ ዝናብ ነው፣ ግን ዝናቡ ወደ ላይ ነው የሚዘንበው። ምን ጉድ ነው፣ ልጄ?

አክስትህ ሸዋነሽ


ኦሉ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

እመቤታችን ዐይንዎን ትጠብቅልኝ። ማጉያውን ለብቻ በጥቅል ልኬያለሁ።

ፀሐይ እዚህ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ብቅ ትልና ስምንት ተኩል ሳይሞላ ትመለሳለች። በዚያች መሀል በመስኮት ሥር ተቀምጬ የላኩልኝን ገጾች አነበብኩ። እያነበብኩ የት እንዳለሁ ጠፋኝ፤ አባባ በመርጡለ ማርያም ግቢ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ቅኔ ሲዘርፉ ድምፃቸው በበረዶው ላይ የሚመጣ መሰለኝ።

እስከ ገጽ ሠላሳ ድረስ ሁሉም ፊደል በየወንበሩ ነው። ከገጽ ሠላሳ አንድ ጀምሮ ግን ንጉሡ ሠ የለም። አንድም ቦታ የለም። ዐይኑ ዐ የለም፣ ፀሐዩ ፀም የለም። በእርሳስ እየተከተልኩ ፈለግኳቸው፣ አጣኋቸው። አክስቴ፣ ገጽ ሠላሳ አንድን የተየቡት ባስገደዱ ማግስት አይደለም? ሁለተኛው ፓኬጅ ለቢሮ ደብዳቤ የተሠራ ነው፤ የሠራው ሰው «ድምፃቸው አንድ ከሆነ ሁለት ሰ ምን ያደርጋል» ብሎ ንጉሡን አውጥቶታል። ሲያስገድዱት የእርሱ ሠንጠረዥ በፊተኛው ላይ ተጻፈበት። እርስዎ የንጉሡን ቁልፍ ይመታሉ፣ ማሽኑ እሳቱን ሰ ያወጣል።

ለቢሮ ደብዳቤ ግድ የለም። ለቅኔ ግን… ገጽ አርባ አራትን ያውጡና ይዩ። የአባባ የመጨረሻ ቅኔ ነው። እርስዎ የተየቡት እንዲህ ይላል፦

ወልድየ ሰረቀ በሞጣ

በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ትርጉሙ «ልጄ በሞጣ ሰረቀ» ነው። ሌብነት ነው። አባባ ይህን አይሉም። ወረቀታቸውን ሳላየው እምላለሁ፣ እርሳቸው የጻፉት እንዲህ ነው፦

ወልድየ ሠረቀ በሞጣ

በንጉሡ ሠ ሲሆን ሠረቀ ማለት እንደ ፀሐይ ወጣ ማለት ነው። «ልጄ በሞጣ ፀሐይ ሆኖ ወጣ» ነው የሚለው። ጆሮ አይለየውም። የሚለየው ዐይን ብቻ ነው። ግስ ስንማር አባባ ይህችን የሳተ ተማሪ ለምሳ አያሰናብቱም ነበር።

በሕልምዎ የጠየቁዎም ስለ ዙፋን አይመስለኝም። ንጉሡን ፈልገው ነው። ፊደሉን።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈራሁ። ለተዝካሩ የአባባን የመጨረሻ ቅኔ በታይፕ መትተው ለሰው አድለው ነበር፤ በደብዳቤ ነግረውኛል። በዚያ ወረቀት ላይ የትኛዋ ሰ ነበረች?

ደምለው


ኦሉ፣ የካቲት 26 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሁለት ወር ሙሉ ፖስታ ሣጥኔ ባዶ ነው። በየቀኑ እከፍተዋለሁ። ቢቆጡኝ ይቆጡኝ፤ ዝምታዎን ግን አልችለውም። ታመው ከሆነም በሰው እጅ አንድ መስመር ያስጽፉልኝ።

ብራዚላዊውና የናይሮቢው ሰውዬ ተስማሙ። ስምንት ሳምንት «እኔ ነኝ የቀደምኩት» ሲባባሉ ከርመው በመጨረሻ ገጽ አርባ አራትን ተርጉሜ ላክሁላቸው። የናይሮቢው፣ ንጉሡን ያወጣው ማለት ነው፣ በማግስቱ «ይህን ባውቅ አላወጣውም ነበር» ብሎ መለሰ። ሠንጠረዡን ከሁለቱም አውጥቼ ሦስተኛ ፓኬጅ ውስጥ አኖርኩት። ስም ላይ ስላልተስማሙ «የጋራ» አልኩት። አሁን ሠም አለ፣ ፩ም አለ፤ ማንም በማንም ላይ አልተጻፈም። ሲዲው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። የድሮዎቹን ሁለቱን አስወጥተው ይህንን ያስገቡ፣ ምንም ማስገደድ የለበትም።

የእኅትዎ ልጅ ደምለው


ቢቸና፣ መጋቢት 20 ቀን 2000 አ.ም.

ለልጄ ለደምለው፣

አልታመምኩም። አልተቆጣሁህም። አፍሬ ነው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ እለት ኮምፒውተር ቤቱን ዘግቼ ቤቴ ገባሁ። ሳጥኔን ከፈትኩ። ከተዝካሩ ወረቀት አንዱን ለማስታወሻ አስቀምጬ ነበር። በላክህልኝ ማጉያ አየሁት። ቀጥሎ የአባታችንን የእጅ ጽሁፍ አወጣሁና ጎን ለጎን አደረግኳቸው። የሳቸው ፊደል ሶስት እግር አለው፣ እንደ ዙፋን ተዘርግቶ ተቀምጧል። የኔ ባለ ሁለት እግሩ እሳት ነው። መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ሰአት እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ ደጄን ጎረቤት ሲያንኳኳ ነው የተነሳሁት።

የአውራጃው ታይፕ የንጉሱን ፊደል የሚመታበት እግር ተሰብሮ ነበር። ጥገና ብንጠይቅ መልስ የለም። ከዚያ ወዲህ ስራን በእሳት፣ መንግስትን በእሳት መታን። አንድም አለቃ ልብ አላለ፣ ደመወዝም አልቀረብን። የአባቴንም ቅኔ በዚያው እጄ መታሁት። ለአርባ ቀናቸው ብዬ አርባ ቅጂ በስቴንስል አባዛሁ። በገዛ እጄ፣ በየሰው እጅ፣ የቅኔ መምህራን በተቀመጡበት አደልኩ። ወይ ነዶ!

አሁን ሁሉም ነገር ዞሮ መጣልኝ። ሰማው ወረቀቱን ሲቀበለኝ ፈገግ ብሎ ነበር። አነበበው። ጽዋው እጁ ላይ እንዳለ ቀረ። አጠገቡ ያሉት ሊቃውንት አንገታቸውን ደፉ። እኔ ሞኟ ቅኔው ልባቸውን ነክቶት መሰለኝና ደስ አለኝ። ደብተሩ ከቤት ወጥቷል ተብሎ በሚታማበት ሳምንት አባቱ ከመቃብር «ልጄ ሰረቀ» አሉት፤ ያስባልኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ። እሱ ምን ብሎ ይመን? እህቴ ሰው ሰብስባ ሌባ አለችኝ ብሎ ሄደ። እኔ ደግሞ መሄዱን አይቼ እውነትም ሌባ ነው አልኩ።

ሠ። ይኸው፣ ጻፍኳት። እጄ ስላልለመደባት ሶስት ጊዜ ደጋገምኳት።

ሲዲህ የዛሬ ሶስት ቀን ደረሰ። የድሮዎቹን አስወጣሁ፣ ያንተን አስገባሁ። ምንም አላጉረመረመም። ገጽ አርባ አራትን እንደገና ተይቤ አተምኩት። ደብዳቤ ልጽፍለት አሰብኩና ተውኩት፤ ደብዳቤዬን አምኖ የሚያነብበት ምን ፊደል አለኝ? እራሴው ይዤው እሄዳለሁ። ቢቀድብኝስ? ደጁን ቢዘጋብኝስ? ስልሳ አመት ሊሞላኝ ነው፣ ወንድሜን እንደ ልጅ ፈራሁት። አንተ ብቻ ጸልይልኝ። ሌላ ነገር አትላክ።

አክስትህ ሸዋነሽ


ቢቸና፣ ሰኔ 14 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለእኅቴ ልጅ ለደምለው፣

ፀሐይ ገባች ሲባል በምትመለስበት ወር እንቅልፍ አይንሣህ፤ ብርሃኑም አይሰልችህ። ይህን ደብዳቤ ስታነብ «አክስቴ ሥራን በንጉሡ፣ ዓመትን በዐይኑ መጻፍ መቼ ጀመረች» ማለትህ አይቀርም። ቆይ፣ እነግርሃለሁ።

በግንቦት ልደታ ማግስት ሞጣ ሄድኩ። አውቶብሱ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጥኩ። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን ሰው ነገረኝ እንጂ እኔ አላየሁም፤ መንገዱ ለእኔ አረንጓዴና ነጭ ብቻ ነበር። ወረቀቱን ጉያዬ ውስጥ ይዤ አባታችን አጠገቤ የተቀመጡ መሰለኝ። አንዴ ዞር ብዬ «አባባ፣ ደረስን?» አልኩ፤ ጎኔ ያለችው ሴትዮ ሣቀችብኝ።

ሰማውን ደጁ ላይ አገኘሁት። አርጅቷል። ድምፁ ግን የአባታችን ድምፅ ሆኗል። «ማን ነሽ?» አለኝ።

«ታይፒስቷ ነኝ» አልኩት። «የተሳሳተ ወረቀት ላርም መጣሁ።»

ገጽ አርባ አራትን ሰጠሁት። ከዐይኑ ራቅ አድርጎ ያዘው። እኔ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። «ይህችን ሠ ማን መለሳት?» አለኝ በመጨረሻ። ደምለው ነው አልኩት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ የታይፑን እግር፣ ግእዝ አለማወቄን፣ አርባውን ቅጂ። ሌባ ብዬ በልቤ መኖሬንም አልደበቅኩትም፤ ታይፑ የሠራው አንዱን በደል ነው፣ ይሄኛው የራሴ ነው። «አንቺዬ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት በአንድ ታይፕ እግር?» ብሎ ጮኸ። ሊመታኝ መስሎኝ ነበር። አንገቴን ይዞ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰው የሞተ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ።

ደብተሩን አወጣልኝ። አባታችን በገዛ እጃቸው ነው የሰጡት፤ መጀመሪያው ገጽ ላይ «ለልጄ ለሰማው» ይላል። በጣቴ ዳበስኩት። ቀጥሎ በክር የታሰረ ወረቀት አመጣ። የተዝካሩ ወረቀት ነው። ከዚያ ዕለት በኋላ ቤት ለቤት፣ ደብር ለደብር እየዞረ ሰብስቦት ኖሯል። አባታችን እንዲህ ብለው ተናገሩ እንዳይባል። ቆጠርነው፤ ሠላሳ ዘጠኝ ነው። «አንዱን አጣሁት፣ ዐሥራ አንድ ዓመት እንቅልፍ የነሣኝ እርሱ ነው» አለኝ። አንዱ የእኔ ሣጥን ውስጥ ያለው ነበር።

አሁን ሰማው ቢቸና ነው፤ አጠገቤ ተቀምጧል። የዐይኔ መሀሉም ሄደ፣ ደምለው። ስክሪኑ ለእኔ አንድ ነጭ መስኮት ነው። ሲሄድ እንደ ፈራሁት አልሆነም፤ ቀስ ብሎ ነው የሄደው፣ እንግዳ ሲሰናበት እንደሚያደርገው። ጣቶቼ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ቁልፍ ሳያዩ ነው የሠሩ። ሰማው ደብተሩን እያነበበ ይጠራልኛል፣ እኔ እመታለሁ። «ንጉሡ ሠ!» ይላል። «እሳቱ ሰ! እሳቱ አልኩሽ!» ይጮህብኛል፣ እጮህበታለሁ፣ ደንበኛ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይሥቃል። ይህም ደብዳቤ እንዲሁ ነው የተጻፈው። መቶ ዐሥር ገጽ ደርሰናል። መጽሐፉን ጨርሼ ማየት ነበር ምኞቴ። አላየውም። እሰማዋለሁ።

ማጉያውን ለጎረቤት ሰጥቻለሁ፤ ከእንግዲህ ሌላ አትላክ።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ትናንት አርባውን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ደረደርነው። ሰማው ጣቴን ይዞ በየወረቀቱ ቦታዋ ላይ ያኖርልኛል፣ እኔ በቀለም እጽፋለሁ። ሳላይ ጻፍኳት። አርባ ጊዜ። ሠ፣ ሠ፣ ሠ። ሲመሽ አንድም ስሕተት የለብሽም አለኝ። ሊያስደስተኝ ዋሽቶ እንደሆነም አላውቅም፤ ብቻ አመንኩት።

አክስትህ ሸዋነሽ ገብረ ኪዳን

*

ልጄ ደምለው፣ ይህን በእጄ የጨመርኩት እኔ አጎትህ ሰማው ነኝ። «የጋራ» ባልከው ፓኬጅህ ውስጥ ኈ የለችም። ገጽ መቶ ዐሥር ላይ ኈለቈ፣ ቆጠረ ማለት ነው፣ ብለን ልንጽፍ ፈለግናት፣ አጣናት። እኅቴ በሌላ ሀ እንተካት አለችኝ፤ አንገቷን ላንቃት ምንም አልቀረኝም። ፈልገህ መልሳት። እስክትመጣ ድረስ ቦታዋን ባዶ ትተንላታል።